ማንም ያልሞተበት መርዶ

ማድሪድ፣ ማርች 28 ቀን 1982

ለተወደዱት የክርስትና እናቴ፣ ለእትዬ ኤርሚታስ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጋሽ ራሚሮስ ከባሕር በደህና ገቡ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከጉሮሮዬ በቀር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማይክሮፎን ፊት ስጮህ ከርሜ አሁን የማወራው እንደ ዳክዬ ነው። የቤት አከራዬ ማርና ሎሚ ታዘጋጅልኛለች፤ ከበሮ መቺያችን ጎንሳሎ ደግሞ ማሩን ለራሱ አስቀርቶ ሎሚውን ያቀብለኛል።

ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍልዎ በመቆየቴ ይቅር ይበሉኝ። ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ በጊዜው ደርሰውኛል። ቋሊማውም ደርሷል። ጎንሳሎ ሁለት ቁራጭ እንደ በላ "ይህችን ሴትዮ አጋባኝ" አለኝ። "ባል አላት፤ የባሏ ክንድ ያንተን ወገብ ያህላል" አልሁት። "እንግዲያው እንድታሳድገኝ ንገርልኝ" አለ። ይኸው ነግሬዎታለሁ።

አልበማችሁ ከምን ደረሰ ላሉኝ፣ ከአሥሩ ዘፈን ስምንቱ አልቋል። ስቱዲዮው ከአንድ የሴቶች ጸጉር ቤት በታች ያለ ምድር ቤት ነው። ጊታሩን እስከ ጥግ ስንከፍተው የላይኛው ቤት መብራት ይጠፋል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ወይዘሮ ግማሽ ጸጉሯ ተጠቅልሎ ግማሹ እንደ ቆመ ደረጃውን ወርዳ "ሙዚቃ ነው ወይስ ቤት እያፈረሳችሁ ነው?" ብላ ጮኸችብን። ጎንሳሎ "ሁለቱንም፣ እመቤቴ" አላት። ቀረጻውን የሚመራው ቬንቱራ የሚባል ሰው ነው፤ ሸክላውንም የሚያሳትመው የእሱ ድርጅት ነው። ጁን ላይ ይወጣል ይለናል። የመጀመሪያ ሸክላዬ ነው፣ የክርስትና እናቴ። አንዳንድ ቀን እኔም አላምነውም።

ስለ ደወሉ የጻፉልኝን አንብቤ በጣም አዘንሁ። በፖርቶሜል ለሴት ሁለት፣ ለወንድ ሦስት፣ ባሕር ላይ ለቀረ ሰው ዘጠኝ እንደሚደወል ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ወንዱ ሁሉ ለአሣ ማጥመድ ወደ ግራን ሶል ባሕር ወጥቶ ሳለ፣ ማንም ሳይሞት፣ ያ ዘጠኝ እንዴት ይደወላል? ደወል ደዋዩን ጋሽ ኤላዲዮን ምን ነካቸው? እርግጥ ሰባ ሁለት ዓመት ቀላል አይደለም። እጅም ይስታል፣ አእምሮም ይስታል፤ አይፍረዱባቸው።

ለጠየቁኝ ጥያቄ ደግሞ፣ አይ፣ እኔ በዚያ ሳምንት ከማድሪድ አልወጣሁም። በላይኛው መንገድ ታየች ያሏት ነጭ መኪና የሌላ ሰው ትሆናለች፤ ነጭ መኪና መቼም ሞልቷል። ግን ጋሽ ኤላዲዮ ራሳቸው ምን አሉ? ማን ደወለ አሉ? እባክዎ ይጻፉልኝ።

ጉልበትዎን እየሳምሁ፣
ብራይስ


ፖርቶሜል፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1982

ልጄ ብራይስ፣

እንደምነህ? እኛ ደህና ነን። ራሚሮ ገብቷል፤ ጉልበቱን ያመዋል፣ አፉን ግን ምንም አላመመውም። ፋሲካ አለፈ። ላንተ ያስቀመጥሁትን የበግ ሥጋ ድመቷ በላችው። ሳታስፈቅድ ነው የወሰደችው፤ ምን ታድርግ፣ ድመት ናት።

ጋሽ ኤላዲዮ ምን አሉ ላልኸኝ፣ ምንም አላሉም። አባ ቤኒግኖ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው "የደወል ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ነበር?" ብለው ጠየቋቸው። "በእኔ" አሉ። "ታዲያ ዘጠኙን ማን ደወለው?" ቢሏቸው "ቁልፉ በእኔ እጅ ነበር አልሁ እኮ" አሉ። ከዚያ ወዲያ የሰው አፍ ነው። ጠጥተው ነው ተባለ። ከፋሲካና ከሰርግ በቀር አረቄ አፋቸው አስገብተው የማያውቁትን ሰውዬ! ቁልፉን ተቀበሏቸው። አርባ አንድ ዓመት የደወሉ ሰው ናቸው። አሁን አባ ራሳቸው ገመዱን ይስባሉ፤ የዳቦ ጋጋሪዋን የዶሪንዳን አጎት ቀብር ጥምቀት አስመሰሉት።

የዚያን ቀኑን ነገር ደግሜ አልጽፍልህም። አንዴ ጽፌልሃለሁ፤ አንዴ ይበቃል። መጠየቅህ የማይቀረውን ብቻ ልመልስ። አዎ፣ ሴቱ ሁሉ ወደ ወደቡ ወርዷል። አዎ፣ እኔም ወርጃለሁ። መረብ ስጠግን ነበር፤ መርፌው መዳፌ ላይ እንደ ተሰካ ያየሁት ቤቴ ስመለስ ነው። የወደቡ ሹም ጀልባዎቹን በሬዲዮ አንድ በአንድ ጠርቶ ሁሉም ደህና ናቸው እስኪለን ድረስ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ።

የባሰው የእማማ ሼኔሮሳ ነው። እሳቸው ወደ ወደቡም አልወረዱ። ቤታቸው ገብተው መስታወቱን ሸፈኑ፣ ከል ለበሱ፣ ጥቁር ሻሻቸውን አሰሩ። ውሸት ነው፣ ማንም አልሞተም ብንላቸው አልሰማ አሉ። "አባቴንም ባሌንም ያረዳኝ ይኸው ደወል ነው፤ አንድ ቀን ዋሽቶኝ አያውቅም" አሉ። ሊሳርዶ፣ አንድ ልጃቸው፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ከራሚሮ ጋር ገባ። በሩ ላይ ቆሞ "እማዬ፣ እኔ ነኝ" ቢላቸው ትኩር ብለው አዩትና "ይግቡ ጌታዬ፤ መንገድ አድክሞዎት ይሆናል፣ ሾርባ ይቅመሱ" አሉት። እስከ ዛሬ በእንግዳ ደንብ ነው የሚያስተናግዱት። ንጹሕ አንሶላ ያነጥፉለታል፣ "አንቱ" ይሉታል፣ ከዚያ ጓዳ ገብተው ለልጃቸው ያለቅሳሉ። ያ ግዙፍ ሰውዬ የገዛ እናቱ ቤት ጫማውን አውልቆ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ሐኪሙ ድንጋጤ ነው፣ ያልፋል ብሏል። ገና አላለፈም።

አንተ ጉሮሮህን ጠብቅ። ያን ጸጉርህንም ተቆረጥ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ እኔ ግን ምንም አልጠየቅሁህም።

የክርስትና እናትህ፣
ኤርሚታስ


ማድሪድ፣ ሜይ 9 ቀን 1982

የክርስትና እናቴ፣

እንደምን ሰነበቱ ለማለት እጄ ፈራ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አሁንም የምቸኩለው እንዳልቀድደው ነው።

እኔ ነኝ። የደወልሁት እኔ ነኝ። ነጯ መኪና የጎንሳሎ ወንድም መኪና ናት።

እንዴት አስቻለህ ብለው በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ጠይቀውኛል፤ ስሜን ሳይጠሩ፣ ስለ "እንዲህ ያለ ሰው" ብለው። እንዲህ ነው ያስቻለኝ። ቬንቱራ የመጀመሪያው ዘፈን በደወል እንዲከፈት ፈለገ። ከድምፅ ቤት ያመጡለት ቴፕ የትምህርት ቤት ደወል ይመስል ነበር። ሁላችንም ሳቅን። ያኔ እኔ፣ አፌን በቆረጠው፣ "የኛን አገር ደወል ብትሰማ ሌላ ደወል ደወል አትለውም" አልሁት። ተኮፈስሁ፣ የክርስትና እናቴ። ሌሎቹ ሁሉ የማድሪድ ልጆች ናቸው፤ ሁልጊዜ በአነጋገሬ ይስቁብኛል። እኔም አንድ የምኮራበት ነገር ስላገኘሁ ደስ አለኝ።

በማግስቱ መንገድ ጀመርን። ፖርቶሜል የደረስነው በምሳ ሰዓት ነው። ጋሽ ኤላዲዮ ሲያዩኝ አቅፈው ሳሙኝ። ደወሉ ሸክላ ላይ ሊገባ ነው ስላቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "የበዓሉን ነው የምትደውለው አይደል?" አሉኝ። "አዎ" አልኋቸው። ቁልፉን በእጄ ሰጥተውኝ ባቄላዬ ይቀዘቅዛል ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ገመዱን እንዴት እንደምይዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ስለሆኑ አብረውኝ መቆም አላስፈለጋቸውም። አምነውኛል።

የበዓሉን ደወልሁ። ቬንቱራ ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀና "ይሄ ሰርግ ነው፤ እኔ የምፈልገው ቀብር ነው። ሌላ የላችሁም?" አለ። ማንም አልነገረውም፤ የነገርሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ የሚባል አለ፣ በየምቱ መሐል አንድ አባታችን ሆይ ያስደግማል አልሁት። ፊቱ በራ። ነፋሱ ወደ ባሕር ነው የሚነፍሰው፣ ሰዉም ምሳ ላይ ነው፣ ማን ይሰማል ብዬ ራሴን አታለልሁ። ራሴን እያታለልሁ እንደሆነም አውቅ ነበር።

አራተኛው ላይ የመጀመሪያዋን ሴት አየኋት። ከላይ ሆኖ ሁሉ ይታያል። አምስተኛው ላይ መንገዱ ሞላ። ለምን አላቆምህም እንዳይሉኝ፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ያላቆምሁት ቀረጻው ይበላሻል ብዬ ነው። ይኸው፣ ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም። ዘጠኙን ጨርሼ ቁልፉን በሩ ላይ ትቼ በላይኛው መንገድ ሄድን። ቬንቱራ መኪናው ውስጥ ትከሻዬን እየመታ ያመሰግነኝ ነበር።

አፈርሁ። ሌላ ቃል የለኝም። በተለይ "እጅም ይስታል፣ አእምሮም ይስታል" ብዬ ስለ ጋሽ ኤላዲዮ የጻፍሁትን ሳስበው ብቻዬን ሆኜ ፊቴን እሸፍናለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ሸክላው ጁን 25 ይወጣል። እስከዚያ ለማንም አይንገሩ። አሁን ወሬው ከተነሣ ቬንቱራ ዘፈኑን ይጥለዋል፤ ያ ዘፈን ከወደቀ አልበሙ አይወጣም፤ አልበሙ ካልወጣ አራት ሰዎች ሦስት ዓመት የለፋንበት ከንቱ ነው። ሸክላው እንደ ወጣ በእግሬ መጥቼ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ በሁሉም ፊት እናገራለሁ። ቃሌ ነው።

የማይረባው ልጅዎ፣
ብራይስ


ፖርቶሜል፣ ሜይ 20 ቀን 1982

ብራይስ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ።

አስቀድመው ያውቁ ነበር ወይ ብትለኝ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር። ያንን ዘጠኝ እንዲያ አድርጎ የሚደውል በዚህ አገር ሁለት ሰው ነው ያለው። አንዱ ቤቱ ተቀምጦ ባቄላ ይበላ ነበር፤ ሚስቱም አጠገቡ ነበረች። ሌላውን እኔ ነኝ ክርስትና ያነሣሁት።

ጋሽ ኤላዲዮን ለምን ዝም ይላሉ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። "ኤርሚታስ፣ ልጁ የመጀመሪያ ሸክላውን እያወጣ ነው። አሁን ከነካነው ይደነብራል። ተይው፣ ራሱ ይመጣል" አሉኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው። ዳዋው ደግሞ ለአይጡ ያዝናል።

እኔ አልናገርም። የምትናገረው አንተ ነህ። እስከ ጁን ብለሃል፤ ጁን ሩቅ አይደለም። እማማ ሼኔሮሳ እንደዚያው ናቸው። "ደወሉ የተናገረውን ደወሉ ይመልሰው" ይላሉ። ደወል የተናገረውን እንዴት እንደሚመልስ ማንም አያውቅም። ጋሽ ኤላዲዮ ግን "የደወለው እጅ መጥቶ በአፉ ከተናገረ ሴትዮዋ ይሰማሉ" ብለው ያምናሉ። የሚጠብቁህ ለቁልፉ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ኤርሚታስ


ማድሪድ፣ ጁን 27 ቀን 1982

ለክርስትና እናቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሸክላው ከትናንት በስቲያ ወጣ። ሱቅ መስኮት ላይ አየሁት። ሽፋኑ ጥቁር ነው፤ "ዝገት" የሚለው የቡድናችን ስም በቀይ ተጽፎበታል፣ ከሥሩ "ዘጠኝ ምት" ይላል። መስኮቱ ፊት ቆሜ ደስ ሊለኝ ሞከርሁ። ጎንሳሎ እዚያው መንገዱ ላይ ዘለለ፤ አንዲት አሮጊት ሰክሯል ብላ ዣንጥላዋን አነሣችበት።

ደወሉን እንዲያወጡት ጠየቅህ ወይ ቢሉኝ፣ ጠይቄያለሁ። ግን እንዴት እንደ ጠየቅሁ ልንገርዎ፤ መዋሸት ሰልችቶኛል። አንድ ጊዜ ነው የጠየቅሁት፤ ቬንቱራ ስልክ ሲያነጋግር ጠብቄ፣ በሩ ላይ ቆሜ። እምቢ እንዲለኝ በሚለምን ድምፅ ነው የጠየቅሁት። እምቢ አለኝ። እኔም እፎይ አልሁ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ እፎይታ ነው።

ባለፈው ያልነገርሁዎ ነገርም አለ። ከአምስተኛው ምት ጀምሮ ቴፑ ላይ የሴቶች ጩኸት አለ። ከታች ከመንገዱ፣ ሩቅ ነው፣ ግን ይሰማል። ስቱዲዮ ስናዳምጠው ቬንቱራ ከወንበሩ ተነሣ። "ይሄ ከየት መጣ? ተዋናይ ብንቀጥር እንዲህ አትጮህልንም" አለ። የእውነት ጩኸት እኮ ነው አልሁት። "ለዚያ እኮ ነው" አለኝ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ጊታሩ እስኪገባ ድረስ ተወው። ከሴቶቹ አንዷን በድምፅዋ አውቄያታለሁ። ስሟን አልጽፍም።

ይህን ሁሉ በማርች አውቅ ነበር። በሜይ ሁሉን ነገርኋቸው ብዬ እንቅልፍ ሲወስደኝ ይህንን ግን ደብቄዎ ነበር።

ጁላይን ሙሉ በየከተማው ስለምንጫወት መምጣት አልችልም። ኦገስት ላይ እመጣለሁ። ሸክላውን ያልላክሁልዎ ረስቼ አይደለም። እባክዎ፣ ቢያገኙትም አይስሙት።

ብራይስ


ፖርቶሜል፣ ጁላይ 20 ቀን 1982

ብራይስ፣

አትስሚው ብለኸኝ ነበር። ሰማሁት። ሁላችንም ሰማነው።

ማን አመጣው ብለህ መጠየቅህ አይቀርም። ሊሳርዶ ነው። ከተማ ወርዶ ሱቅ ውስጥ አይቶ ገዛው። የአገሬ ልጅ ሸክላ አወጣ ብሎ እንዴት እንደ ኮራ ብታይ! በእመቤታችን በካርመን በዓል፣ ጀልባዎቹ ምስሏን ይዘው ዞረው ከገቡ በኋላ፣ ቡና ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ሸክላውን ከፍ አድርጎ "ዝም በሉ! የብራይስን ድምፅ ልታውቁት ነው!" አለ። ባለ ቡና ቤቱ ለዓለም ዋንጫ የገዛውን ቴሌቪዥን ዘጋልን። መጀመሪያ ሊሳርዶ የሽፋኑን ጀርባ አነበበ። "ለፖርቶሜል ሕዝብ ልባዊ ምስጋና" ይላል። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ፤ ምን ላድርግ።

ከዚያ ደወሉ ተሰማ።

ሁለተኛው ላይ ወሬው ጠፋ። ጩኸቱ ሲመጣ ዶሪንዳ ትሪዋን እንደ ያዘች "ይቺ እኔ ነኝ" አለች። እህቷ "አይደለሽም፣ አንቺ ቀጥሎ ያለሽው ነሽ፤ ይቺ እኔ ነኝ" አለቻት። እንዲህ እየተባባሉ ሴቶቹ በየተራ ድምፃቸውን ለዩ። ራሚሮን እየጠራች የምትጮኸው እኔ ነኝ። ስሟን አልጽፍም ያልሃት። ድምፄ እንዲያ እንደሚሆን አላውቅም ነበር። ራሚሮ አጠገቤ ነበር፤ ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ወጣ። አብሮኝ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲኖር በባሕር ላይ ሳለ እኔ ምን እንደምሆን ሰምቶ አያውቅም ነበር። አሁን ሰማ። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔን ሲያየኝ ዓይኑን ይሰብራል፤ ጥፋቱ የእሱ ይመስል።

ከዚያ ጊታራችሁ ገባና አንተ ጮኽህ። ማንም ተነሥቶ አላጠፋውም። ሊሳርዶ ሽፋኑን እንደ ያዘ ቆሞ ቀረ። ሲያልቅ ጋሽ ኤላዲዮ ከጥጋቸው "ሰባተኛው ላይ ቸኩሏል" አሉ። ያሉት ይህንን ብቻ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ያንተ እውነት ግን ባንተ አፍ አልጠራም። ልትናገረው የገባኸውን ቃል ሸክላው ቀደመህ። በዚህ በጣም አዝኛለሁ፤ ከጩኸቱም ይልቅ።

አባ ቤኒግኖ በማግስቱ ቁልፉን ይዘው ጋሽ ኤላዲዮ ቤት ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ጋሽ ኤላዲዮ አልቀበልም አሉ። "ቁልፉን የሰጠሁት ለብራይስ ነው። ብራይስ ይመልስልኝ" አሉ። አባም ከእንግዲህ ገመዱን አልነካም ብለዋል። ስለዚህ በአሁኑ ሰዓት በፖርቶሜል ደወል የለም። ቅዳሴ በሰዓት እንሄዳለን፤ ሰው ሲሞት በር እያንኳኳን እንነጋገራለን።

ተቆጥተውብኛል ወይ ብለህ አትጠይቀኝ። ና ነው የምልህ። የሚመታህ የለም። ሊሳርዶ እንኳ "ይምጣና እናቴ ፊት ይናገርልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግበትም" ብሏል። ቀኑን ብቻ ጻፍልኝ።

ኤርሚታስ


ማድሪድ፣ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1982

የክርስትና እናቴ፣

ምን ያዘህ ይሉኝ ይሆናል። በኦገስት የጻፍሁልዎ ቀን፣ ሴፕቴምበር 4፣ ቅዳሜ፣ በአውቶቡሱ መጥቻለሁ።

ኮረብታው ላይ ካለው የድንጋይ መስቀል ዘንድ ወረድሁ። የምናገረውን ወረቀት ላይ ጽፌ በቃሌ ይዤው ነበር። አየሩ ጥርት ያለ ነው፤ ከዚያ ላይ መንደሩ ሁሉ ይታያል። ጋሽ ኤላዲዮ የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እማማ ሼኔሮሳ ልብስ ያሰጣሉ፤ ሊሳርዶ ገመዱን ከፍ አድርጎ ይዞላቸው ነበር። አስጥተው ሲጨርሱ እንደ ባዕድ ሰው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑት። እሱም አንገቱን ዝቅ አደረገ።

ወደ መንደሩ አልወረድሁም። የሚሉኝን ፈርቼ አይደለም፤ ምንም እንደማይሉኝ ጽፈውልኛል። ያን አንገት ዝቅ ማድረግ አይቼ የያዝሁት ወረቀት ላይ ያለው ቃል ሁሉ የልጅ ጨዋታ መሰለኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆምሁ። ከዚያ አውቶቡሱ ከወደቡ ዞሮ ሲመለስ አስቁሜ ገባሁ። ሾፌሩ "ዕቃ ረስተህ ነው?" አለኝ። "አዎ" አልሁት።

አልበሙ እንዴት ሆነ ቢሉኝ፣ ጥሩ ሄዷል። ከጠበቅነው በላይ ሄዷል። የምነግርዎ ደስ እንዲልዎ አይደለም። ልንጫወት ስንወጣ መብራት ጠፍቶ ደወሉ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ወጣቶቹ በጣታቸው ይቆጥራሉ። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ጩኸቱን በቃላቸው ስለያዙት አብረው ይጮሃሉ። ሁለት ሺህ ሰው በአንድ ድምፅ "ራሚሮ" ይላል፤ ራሚሮ ማን እንደሆነ ሳያውቅ፣ እየሳቀ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ተራዬን እጠብቃለሁ። በሕይወቴ የተመኘሁት ሌላ ነገር አልነበረም፤ ሰው ሞልቶ ስሜን ሲጠራ መስማት። አሁን የሚጠሩት የርስዎን ባል ነው። ጋሽ ራሚሮ ይህንን እንዳይሰሙ እባክዎ።

ተውነው ብዬ ለልጆቹ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርሁም። ነገ እንጫወታለን።

ይቅር በሉኝ ለማለት እንኳ አፍሬ ነው፤ በደብዳቤ ስለሆነ።

ብራይስ


ፖርቶሜል፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1982

ብራይስ፣

አይተውኝ ይሆን ሳትል አትቀርም። ያላየህ የለም። በፖርቶሜል ሰማይ ሥር ኮረብታው መስቀል ዘንድ የቆመ ሰው ሻማ እንደያዘ ነው የሚታየው፤ ያንን ጸጉር ይዞ ደግሞ! ጋሽ ኤላዲዮ "መጣ" ብለው ተነሥተው ኮታቸውን ቆለፉ። ሚስታቸው ድንችና ጎመን ጥዳ፣ የበቆሎ ዳቦ ጋግራ ገበታ ዘርግታ ነበር። ስትመለስም አየንህ። ጋሽ ኤላዲዮ ቆመው ቆመው "ደክሞት ይሆናል" አሉና ገቡ። ምግቡን እኛው በላነው። ማንም ስላንተ ክፉ አልተናገረም፤ ብትሰማ ይሻልህ ነበር።

እማማ ሼኔሮሳም አይተውሃል። ልብሱን አስጥተው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩህ። አውቶቡሱ ኮረብታውን እስኪያልፍ አልገቡም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤቴ መጡ። ከማርች ወዲህ ከደጃቸው ወጥተው አያውቁም። መረቡን ከጭኔ ላይ አንሥተው አጠገቤ ተቀመጡ። "ኤርሚታስ፣ ያ ደወል አልዋሸም" አሉኝ። "እማማ፣ ተዉ እንግዲህ፣ ሊሳርዶ በሕይወት አለ እኮ" አልኋቸው። "አውቃለሁ" አሉ። "አሁን አውቃለሁ። ደወሉ ሰው ሞቷል አለ፤ ሰው ሞቷል። የኔ ቤት መስሎኝ ነው የለበስሁት። ቤቱን ነው የሳትሁት።" ከዚያ ጥቁር ሻሻቸውን ፈቱ። ጸጉራቸው ከሥሩ ነጭ ሆኗል። አጣጥፈው ጭኔ ላይ አስቀመጡትና "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሉኝ። ሐዘንተኛ ቤት እንደ መጣ ሰው ትንሽ ተቀምጠው ተነሥተው ሄዱ።

ቤታቸው ሲደርሱ ከደጅ ሆነው "አንተ ሊሳርዶ! ምን ተጎልተህ ትቀመጣለህ? እንጨቱን ማን ይፍለጥ?" ብለው ተቆጡት። ያ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ እስከ ወደቡ ተሰማ። እንጨቱን ሁሉ ፈልጦ ጨረሰው፤ የጎረቤቱንም።

እኔ ሻሹን ምን ላድርገው ብዬ ሁለት ቀን ጠረጴዛ ላይ ተውሁት። ራሚሮ አየው። በሦስተኛው ቀን አሰርሁት። ደብዳቤህን አልጠብቅም፤ ቀንም አልጠይቅህም። ሌላ ከተማ ያሉ መረብ ገዢዎች ሲያዩኝ ማን ሞተብሽ ይሉኛል። እስካሁን ስምህን አልጠራሁም።

ኤርሚታስ